የጥቅል ሽቦው ነገር፤ ስለ ብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

ጀማሪዎች የሚገዟቸውን ርካሽ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያዎች፥ በተለምዶ «ዲቴክተር» የሚባሉትን፥ ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከእጀታው አጠገብ ባለው ሣጥንና በሣጥኑ መስኮት ላይ በሚታዩት ቍጥሮች ነው። ሻጩም የሚያሞግሰው ይህንኑ ነው። በዘንጉ ጫፍ፥ ከመሬት አጠገብ የሚንቀሳቀሰው ጠፍጣፋ ነገር ግን እንደ ዕቃው እግር ብቻ ይቈጠራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው። መሣሪያው ምን ሊያገኝና ምን ሊያጣ እንደሚችል በይበልጥ የሚወስነው በዚያ ጠፍጣፋ ነገር ውስጥ የተቀመጠው ጥቅል ሽቦና ሽቦው የሚውልበት መሬት መሆኑን፥ ከመቶ ዓመት በላይ ከሆነው ታሪክ ውስጥ ጥቂት ምሳሌዎችን በማንሣት ለማሳየት እሞክራለሁ። የታሪክ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ መጻፉ ምናልባት ለአንዳንዱ ባልደረባዬ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ወደ እኛው የጥናት መስክ እንዴት እንደሚገባ በስተ ኋላ ይገለጻል። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሠራሩን ለማስረዳት፥ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን ያሳዩንን ማንሣት ይበቃኛል። መምህሩ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን በካርቶን ላይ ጠቅልለው፥ አንደኛውን አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ከሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ጋር፥ ሁለተኛውን ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አያያዙ። አንዱ በሌላው ላይ ልክ ሲነባበር ማዳመጫው ይጮኻል። የላይኛውን ቀስ እያሉ ወደ ጎን ሲገፉት ግን ድምፁ እየደከመ ሄዶ በአንድ ስፍራ ላይ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከዚያ ሲያልፍ እንደ ገና ይመለሳል። ዝም ባለበት ስፍራ ላይ አቁመው የክፍላችንን ቁልፍ ባስጠጉ ጊዜ ማዳመጫው ጮኸ፤ እኛም ጮኽን። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ጥቅል የሚልከው መግነጢሳዊ ኀይል በቁልፉ ውስጥ እንደ ውኃ አዙሪት የሚዞር ትንሽ ጅረት ያስነሣል፤ ያም ጅረት በተራው የራሱን መግነጢሳዊ ኀይል ወደ ሁለተኛው ጥቅል ይመልሳል፤ ሚዛኑም ይፈርሳል። ሚዛን በሚለው ቃል ላይ አንባቢው ልብ እንዲል ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ብረቱን አያይም፤ የሚያውቀው ጸጥታው መታወኩን ብቻ ነው። ያወከው ማን እንደ ሆነ መናገር ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል።

ይህን ሚዛን በጀርመን አገር ሃይንሪሽ ዶቨ፥ በኋላም በ1879 ዓ.ም. በለንደን ዴቪድ ሂዩዝ ለቤተ ሙከራ ሥራ አዘጋጅተውት ነበር። ከቤተ ሙከራ አውጥቶ በሰው ሕይወት ላይ የፈተነው ግን ስልክን በመፍጠር የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው።

በ1881 ዓ.ም. ጁላይ 2 ቀን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቻርልስ ጊቶ በተባለ ሰው ተተኰሰባቸው። አንዱ ጥይት ክንዳቸውን ብቻ ጫረ፤ ሌላው በጀርባቸው ገብቶ በሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። የኤክስ ሬይ ብርሃን የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1895 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ሐኪሞቹ ጥይቱ ያለበትን ለማወቅ ቍስሉን ባልታጠበ ጣትና በመመርመሪያ ብረት ከመጐርጐር በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ቤል ይህን በሰማ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ትቶ ከረዳቱ ከሰምነር ቴይንተር ጋር ሚዛኑን ለዚህ ጕዳይ ማዘጋጀት ጀመረ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ጀምሮ ጥይት በሰውነታቸው ተሸክመው በሚኖሩ አሮጌ ወታደሮች ላይም ፈተነው።

በጁላይ 26 ቀን ወደ ፕሬዚዳንቱ መኝታ ቤት ሲገባ መሣሪያው ያለማቋረጥ ያጕረመርም ጀመር፤ በጥድፊያ አንዱ ክፍል በደንብ ሳይያያዝ ቀርቶ እንደ ነበረ የተገነዘበው ከዚያ ከወጣ በኋላ ነው። በኦገስት 1 ቀን እንደ ገና ሞከረ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው በደንብ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የተሰማው በአንድ ነጥብ ላይ የተወሰነ ድምፅ ሳይሆን፥ በሰፊ ስፍራ ላይ የተበተነ ደካማ ድምፅ ሆነ። የሕክምናው ኀላፊ ዶክተር ብሊስ ጥይቱ በቀኝ በኩል እንዳለ ያምኑ ስለ ነበር ፍለጋው የተደረገው በዚያው በቀኝ በኩል ነበር። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር 19 ቀን ሞቱ። ሬሳው ሲመረመር ጥይቱ የጀርባን አጥንት አልፎ በግራ በኩል፥ ከቆሽት ኋላ ተገኘ።

ቤል ለምን እንዳላገኘው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ የአልጋው ፍራሽ የሽቦ ስለ ነበረ መሣሪያውን አሳሳተው የሚል ነው። ታሪኩ ለወሬ የሚመች ስለ ሆነ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ይደጋገማል። ነገር ግን ቤል ራሱ በ1882 ዓ.ም. በሞንትሪያል ለሳይንስ ሰዎች ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ የሚናገረው ሌላ ነው። ከፈረስ ጭራ ከተሠራው ፍራሽ ሥር ሌላ የብረት ሽቦ ፍራሽ መኖሩን ከሰማ በኋላ የዚያኑ ዐይነት አስመጥቶ መረመረው። ድምፅ የተሰማበት ስፍራ ከአልጋው ስፋት ጋር ሲተያይ በጣም አነስተኛ ስለ ሆነ፥ የሽቦው ፍራሽ በሥራው ላይ ጕዳት አላደረሰም ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ለሽንፈቱ የሰጠው ምክንያት ጥይቱ ከቆዳው እጅግ የራቀ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንቀበል? ቤል በራሱ ጕዳይ ላይ ምስክር ስለ ሆነ ቃሉን በጥንቃቄ መመልከት ይገባናል። ሆኖም ሰው ራሱን ለመከላከል የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ፥ ጥፋቱን በፍራሹ ላይ መጣሉ ይቀለው ነበር፤ እርሱ ግን ፍራሹን ነጻ አውጥቶ የመሣሪያውን አቅም ማነስ አመነ። ስለዚህ ቃሉ ይመዝናል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም የርቀቱ ጕዳይና የዶክተሩ ስሕተት በእውነቱ አንድ ነገር ናቸው፤ በግራ ያለ ጥይት በቀኝ ሲፈለግ ርቀቱ ይጨምራልና። ጥቅል ሽቦው የሚመልሰው በተጠየቀበት ስፍራ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ስለ ራቀው ነገር ግን ዝም ይላል፤ ዝምታውንም የሚሰሙት «የለም» እንዳለ አድርገው ይተረጕሙታል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ርእስ የሚተርፈን ሌላ ነገርም አለ። ቤል ብዙ ዐይነት ቅርጽ ከሞከረ በኋላ የመረጠው፥ በከፊል የተደራረቡ ሁለት ጠፍጣፋ ጥቅሎችን በአንድ የእንጨት ገበታ ላይ የሚያኖረውን ነው። ይህንኑ ቅርጽ ዛሬ በገበያ ላይ እንደ አዲስ ነገር ሲወደስ እናገኘዋለን።

ከቤል በኋላ ያለውን ግማሽ ምዕተ ዓመት በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደው ጌርሃርድ ፊሸር ለአውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚጠቍም ሬዲዮ ሲሠራ፥ በአንዳንድ ብረትና ማዕድን ባለባቸው ስፍራዎች ላይ የአቅጣጫው ንባብ እንደሚሳሳት አስተዋለ። ለአብራሪዎች ጥፋት የሆነው ለማዕድን ፈላጊዎች ጥቅም እንደሚሆን ተረድቶ በ1931 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ በመኪና ማቆሚያ ቤቱ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1937 ዓ.ም. አገኘ። ስሙ እስከ አሁን በጀማሪዎች መሣሪያ ላይ ተጽፎ ይታያል።

መሣሪያውን በአንድ ወታደር እጅ እንዲያዝ አድርጎ በብዛት ለጦር ሜዳ ያበቃው ግን ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኰንን ነው። ኮሳትስኪ አገሩ በጀርመኖች ከተያዘች በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰድዶ፥ በስኮትላንድ ከነበረው የፖላንድ ጦር ጋር ሳለ በ1941 ዓ.ም. የፈንጂ መፈለጊያውን ሠራ። በውስጡ የነበሩት ሁለት ጥቅሎች ናቸው፤ አንዱ ላኪ፥ ሁለተኛው ከማጕያና ከማዳመጫ ጋር የተያያዘ ተቀባይ። ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በግብፅ በረሓ በኤል አላሜይን የእንግሊዝ ስምንተኛ ጦር በሮሜል ሠራዊት ላይ ሲነሣ፥ በፊቱ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ የተቀበሩ ፈንጂዎች ነበሩ። 500 ያህል የኮሳትስኪ መሣሪያዎች ለዚህ ተላኩ። በጩቤ እየወጉ በሚፈልጉበት ጊዜ በአንድ ሰዓት 100 ካሬ ሜትር ይጸዳ የነበረው ወደ 200 ካሬ ሜትር ከፍ አለ። በእጥፍ ማደጉ ለሚያነብበው ቀላል ቍጥር ነው፤ በጨረቃ ብርሃን ከመድፍ ሥር ሆኖ ለሚያጸዳው ወታደር ግን በሞት ፊት የሚቆይበትን ሰዓት በግማሽ መቀነስ ነው። ኮሳትስኪ ለፈጠራው ምንም ዋጋ አልጠየቀበትም፤ ቤተ ሰቡ በጠላት እጅ ባለችው ፖላንድ ስለ ነበሩም ስሙ ተደብቆ ቈየ።

ጠላትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጀርመኖች አካሉ ከእንጨት የሆነ፥ በኋላም ከመስተዋት የሆነ ፈንጂ መቅበር ጀመሩ። በእነዚህ ውስጥ ያለው ብረት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ መፈለጊያው ድምፁን እንዲያሰማ የጥራቱን መጠን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ፤ ከፍ ሲደረግም መሬቱ ራሱ መጮኽ ጀመረ። በአንዳንድ አፈር፥ በተለይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ አፈር ውስጥ፥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለ፤ ይህም ሚዛኑን ያውካል። ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በአገራችን ሰሜን ፈንጂ ያጸዱ ሰዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ተጋፍጠዋል፤ በአንድ በኩል ትንሿን ብረት የሚሰማ፥ በሌላ በኩል አፈሩን የማይሰማ መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበርና። የሁለቱን ተቃራኒ ፍላጎት ማስታረቅ ከዚያ ወዲህ የዚህ ዕቃ ታሪክ ዋና ጕዳይ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ከጦር መጋዘን የተረፉ መሣሪያዎች በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ተሸጡ፤ ሰዎችም በእርሻና በባሕር ዳር ሳንቲም ይፈልጉባቸው ጀመር። በ1964 ዓ.ም. ቻርልስ ጋሬት በቴክሳስ ኩባንያውን አቋቋመ። በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ የሚመለሰው ምልክት ምን ያህል እንደ ዘገየ በመለካት ብረትን ከነሐስና ከብር ለመለየት የሚችሉ ዕቃዎች ወጡ። የዛሬው ጀማሪ የሚገዛው የእነዚህን ዘር ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንምጣ። ከአንድ ፋብሪካ የወጡትን መመልከቱ ፍርዱን ያቀልልናል። ጋሬት ኤይስ 200 የሚባለው በ6.5 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ጥቅሉ 6.5 በ9 ኢንች ነው። ኤይስ 300 በ8 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ጥቅሉ 7 በ10 ኢንች ነው። የሁለቱም ጥቅል ኮንሰንትሪክ የሚባለው ዐይነት ነው፤ ይኸውም ሰፊው ላኪ ክብ በውጭ፥ ጠባቡ ተቀባይ በመካከሉ ሆኖ የተሠራ ነው። ኤይስ 400 ግን 10 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን፥ 8.5 በ11 ኢንች የሆነ ደብል ዲ የሚባል ጥቅል ይዞ ይመጣል፤ በዚህ ውስጥ የላቲኑን ፊደል «ዲ» የሚመስሉ ሁለት ጥቅሎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው በመካከል በጥቂቱ ተደራርበዋል። አንባቢው እንደሚያስታውሰው ይህ የቤል የእንጨት ገበታ የልጅ ልጅ ነው። በኢስታንቡል የተሠራው ኖክታ ሲምፕሌክስም በ12 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራና ባለ 11 ኢንች ደብል ዲ ነው።

በኮንሰንትሪክ ጥቅል ሥር ያለው የመፈለጊያ ስፍራ እንደ ተገለበጠ እንቅብ ነው፤ ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ የሚበረታው በመካከሉ ነውና ዕቃው ያለበትን ነጥብ ለማመልከት ይመቻል፤ ብረትን ከሌላው በመለየትም ብዙ ጊዜ የታመነ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ሰፊ አፈር በአንድ ጊዜ ስለሚሰማ፥ ማዕድን በበዛበት መሬት ላይ አፈሩ ዕቃውን ይውጠዋል። ደብል ዲ ግን የሚሰማው ሁለቱ በተደራረቡበት ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋ ጠባብ መስመር ላይ ነው። የሚሰማው አፈር ጥቂት ስለ ሆነ በቀይና በጥቍር የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የተሻለ ይሠራል፤ በምስማር መካከል የጠፋች ሳንቲምንም ለይቶ ያወጣል። ጕድለቱ ነጥቡን በትክክል ማመልከት ለጀማሪ ማስቸገሩና፥ ዝርግ የቆርኪ ብረትን አንዳንድ ጊዜ እንደ መልካም ዕቃ አድርጎ ማሰማቱ ነው። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ «የት መሬት ላይ?» ተብሎ እስኪጨመርበት ድረስ ጐደሎ ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ በባዝልት ላይ ለተቀመጠው ለአብዛኛው የደጋ አገራችን አፈር ከኤይስ 300 ይልቅ ኤይስ 400ን፥ ያውም ስለ ሣጥኑ ሳይሆን ስለ ጥቅሉ፥ እመርጥ ነበር።

ስለ መጠኑም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ሰፊ ጥቅል በጥልቀት ይሰማል፤ ትንሿን ዕቃ ግን ይስታል፤ ጠባብ ጥቅል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገዢዎች በጣም የሚሳሳቱት በጥልቀቱ ነገር ላይ ነው። ከጥቅሉ ራቅ ብሎ ላለ ትንሽ ዕቃ የሚደርሰው ኀይል በርቀቱ ሦስተኛ ደረጃ ይደክማል፤ ተመልሶ ሲመጣም እንደዚሁ ይደክማል፤ ጠቅላላው በስድስተኛ ደረጃ ማለት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነ ሣጥን ለምን ጥቂት ጣት ብቻ ጠልቆ እንደሚሰማ፥ የቤልም ጥይት ጥቂት በመራቁ ብቻ ለምን ፈጽሞ እንደ ጠፋ በዚሁ ሒሳብ ይታያል።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ጥናት ይመጣል። ስለ አክሱም ነገሥታት ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከገንዘባቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ነገሥታት ስማቸው የተረፈው በገንዘቡ ላይ ብቻ ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን መቀበሉም የጨረቃው ምልክት ወጥቶ መስቀል በገባባቸው ሳንቲሞች ላይ ይታያል። ገበሬዎች ከዝናም በኋላ በእርሻቸው ላይ እንደሚያገኟቸው የታወቀ ነው። ከኢዛና በኋላ የነበረው የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ክብደቱ ከሁለት ግራም በታች ነበር። እንዲህ ያለች ቀጭን ወርቅ በመፈለጊያው ሚዛን ላይ የምትውለው ከትልልቅ የብር ሳንቲሞች ጋር ሳይሆን፥ ከሲጋራ ብርማ ወረቀትና ከጣሳ መክፈቻ ቀለበት አጠገብ ነው። ጀማሪው ቆሻሻ እንዳያስቸግረው ብሎ ያንን ክፍል ከዘጋው ወርቁን ረግጦ ያልፋል፤ ካልዘጋው ደግሞ መቶ ጕድጓድ ይቈፍራል። ለእኛ የሚከፋው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሳንቲሟ ከየትኛው ወለል፥ ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደ ተገኘች ካልታወቀ የምትነግረን በላይዋ የተጻፈውን ብቻ ነውና። እንደ እኛ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፈልጎ መቈፈርን የሚከለክለው፥ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው እንዲያስታውቅ የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዚህን ልዩነት ለማየት በ1992 ዓ.ም.፥ አሁን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በእንግሊዝ አገር በሰፎክ አውራጃ በሆክሰን መንደር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። አንድ ገበሬ መዶሻው በእርሻው ላይ ጠፋበትና፥ መፈለጊያ መሣሪያ ያለው ወዳጁ እንዲፈልግለት ለመነው። በኖቬምበር 16 ቀን ወዳጁ ሲፈልግ ጠንካራ ድምፅ ሰማ፤ ቈፍሮም የብር ማንኪያ፥ የወርቅ ጌጥና ብዙ ሳንቲም አወጣ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች መቈፈሩን አቁመው ለፖሊስና ለአውራጃው መስተዳድር አስታወቁ። በማግስቱ የከርሰ ምድር ጥናት ባለ ሙያዎች ደርሰው የቀረውን በሥርዐቱ አወጡ። ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማውያን ሳንቲምና 200 ያህል ሌላ የወርቅና የብር ዕቃ ተገኘ። ዕቃዎቹ በተኙበት ሥርዐት ስለ ተመዘገቡ፥ እንጨቱ በስብሶ የጠፋው የወርካ መሰሉ የኦክ ሣጥን መጠን፥ በውስጡም የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር ተጠቅልሎ እንደ ነበር ሊታወቅ ቻለ። ከሳንቲሞቹ ዕድሜም ሀብቱ የተቀበረው ከ407 ዓ.ም. ወዲህ፥ የሮማ ሥልጣን ከብሪታንያ በሚወጣበት ዘመን መሆኑ ተረጋገጠ። ለአግኚው የተከፈለው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፥ እርሱም ከገበሬው ጋር ተካፈለው። የጠፋውም መዶሻ በኋላ ተገኝቶ ከሀብቱ ጋር ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።